«ፍሪጅ ውስጥ ነበር» እና ሌሎች የማያድኑ ምክንያቶች

አንድ የተቀነባበረ ሥጋ አምራች ምርቱ በባክቴሪያ ተበክሎ ሊሆን ስለሚችል ከገበያ እንደሚሰበስብ ባስታወቀ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። የሚደውሉልኝ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የቀድሞ የሥራ ባልደረቦች ናቸው። ሁሉም በመጀመሪያ ያ ሥጋ ቤታቸው እንዳለ ይነግሩኛል፤ ቀጥለውም የእነርሱ ግን ምንም እንዳልሆነ ያስረዱኛል። ምክንያታቸው በዓመታት ውስጥ አልተለወጠም፦ ፍሪጅ ውስጥ ነበር፣ አይሸትም፣ ጨው አለበት፣ በፋብሪካ የበሰለ ነው። በሥጋ ማቀነባበሪያዎች የጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ስለሠራሁ መልሱን ደጋግሜ ሰጥቻለሁ፤ በስልክ መመለስ ስለሰለቸኝ ዛሬ በጽሑፍ አስቀምጠዋለሁ።

«በፋብሪካ የበሰለ ነው» ከሚለው ልጀምር፤ ግማሹ እውነት በመሆኑ ለማረም ያስቸግራልና። ሞርታዴላም ሆነ የበሰለ ቋሊማ በማብሰያው ክፍል ሲያልፍ ሙቀቱ እስከ መካከሉ ይዘልቃል። መካከሉ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ሁለት ደቂቃ ከቆየ፣ የዚህን ዘርፍ ሰዎች እንቅልፍ የሚነሣው ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ የተባለው ባክቴሪያ ይሞታል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የበሰለው ሥጋ ይቀዘቅዛል፣ ሽፋኑ ይገፈፋል፣ በማሽን ይቆረጣል፣ ይመዘናል፣ ይታሸጋል፤ በዚህ ሁሉ መንገድ የሚነካው ማንኛውም ነገር፣ ከሠራተኛው ጓንት አንሥቶ ከጣሪያ እስከሚንጠባጠበው የእርጥበት ጠብታ ድረስ፣ ባክቴሪያውን መልሶ ሊያስገባበት ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሥጋ እንደታሸገ ከፍቶ ሳያሞቅ ስለሚበላው፣ በኋላ የገባውን ባክቴሪያ የሚገድል ሁለተኛ እሳት አይኖርም።

ይህን በዓይኔ ያየሁበትን አንድ ቀን ልንገራችሁ። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ሥጋውን በስሱ የሚቆርጠው ማሽን ታጥቦ፣ ፀረ ተሕዋስያን ተረጭቶበት እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ነበር፤ የጽዳት ኃላፊውም በኩራት አሳየኝ። ቴክኒሻኑ ምላጩን ፈትቶ ከበስተኋላው ያለውን ክዳን ሲያነሣ፣ በዘንጉ ዙሪያ ካለው ጎማ ሥር ጥፍር የምታህል ግራጫ፣ የምታሙለጨልጭ ዝቃጭ ተገኘች። ከእርሷ የወሰድነው ናሙና ሊስቴሪያ አሳየ፤ ከምላጩ ፊት በየጊዜው ስንወስደው የነበረው ናሙና ግን ለሳምንታት ንጹሕ ነበር። ባክቴሪያው እንዲህ ባለ ስርጉድ ውስጥ ራሱ በሚያመነጨው ሙጫ መሰል ሽፋን ተጠልሎ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይኖራል፤ መድኃኒቱ በላዩ ያልፋል እንጂ ወደ ውስጡ አይዘልቅም። እ.ኤ.አ. በ2008 ካናዳ ውስጥ በሜፕል ሊፍ ፉድስ ምርቶች ከ20 በላይ ሰዎች በሞቱ ጊዜም፣ ምርመራው የጠቆመው የብክለቱ ምንጭ በመቁረጫ ማሽኖቹ ውስጠኛ ክፍል የተጠራቀመ ባክቴሪያ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። «ፍሪጅ ውስጥ ነበር» የሚለውን ስሰማ፣ ተናጋሪው ፍሪጅን እንደ ምድጃ የሚቆጥረው ይመስለኛል። ፍሪጅ ባክቴሪያ አይገድልም፤ የሚያደርገው ማዘግየት ነው፣ እርሱንም ለሁሉም እኩል አያደርግም። ሳልሞኔላን የመሳሰሉት በደንብ በሚሠራ ፍሪጅ ውስጥ መራባታቸውን ያቆማሉ ማለት ይቻላል። ሊስቴሪያ ግን በዜሮ ዲግሪ አካባቢ እንኳ ቀስ እያለ ይራባል፤ ኦክስጅን ባለበትም በሌለበትም ያድጋል፤ ሌላውን ባክቴሪያ የሚያደርቅ ጨውም ብዙ አይከብደውም። ስለዚህ ፍሪጁ ተፎካካሪዎቹን ከመንገዱ አንሥቶ ሜዳውን ለእርሱ ብቻ ይለቅለታል።

በዚህ ላይ የጊዜውን ርዝመት ጨምሩበት። ትኩስ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው፤ ከዚያም ይበስላል። አየር ወጥቶለት የታሸገ የተቀነባበረ ሥጋ ግን ለሳምንታት እንዲቆይ ታስቦ የተሠራ ነው። ከፋብሪካው ሲወጣ በአንድ ግራም ውስጥ ለመቁጠር እንኳ የማይበቃ ጥቂት ባክቴሪያ ይዞ የነበረ እሽግ፣ እድገቱን የሚገታ ነገር ካልተጨመረበት፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያበቃ ሲቃረብ ብዙ ሺህ ሊይዝ ይችላል። ማንም ሰው ቅዝቃዜውን አላቋረጠም፤ ማንም አላጠፋም፤ ባክቴሪያው ግን በተሰጠው ጊዜ ተጠቅሞበታል።

ይህ ሁሉ ፍሪጁ በእርግጥ ከቀዘቀዘ ነው። አክስቴ ዘንድ ሄጄ በትንሽ ቴርሞሜትር የፍሪጇን ሙቀት ለካሁ፦ ታችኛው መደርደሪያ ላይ 6 ዲግሪ፣ በሩ ላይ 9 ዲግሪ። ቋሊማው የት ነበር? በሩ ላይ፣ ከወተቱ አጠገብ። በሩ በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚሞቀው እርሱ ነው፤ ሊስቴሪያ ደግሞ በ9 ዲግሪ የሚራባው በ4 ዲግሪ ከሚራባበት ፍጥነት በብዙ እጥፍ ነው። አክስቴ ቁልፉ «መካከለኛ» ላይ መሆኑን አሳይታ ተከራከረችኝ፤ ቁልፉ ላይ የተጻፈው ቃል ግን ስለ ዲግሪው የሚነግረን ነገር የለም።

ያኔም አልተረታችም። እሽጉን ከፍታ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችና «እስቲ አሽትተው፣ ምን ይላል?» አለችኝ። ምንም አይልም ነበር፤ ነገሩም ይኸው ነው። ሥጋን የሚያሸቱት፣ የሚያጎመዝዙትና የሚያዝለገልጉት ባክቴሪያዎች ሌሎች ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ለአፍንጫ የሚታወቁት በአንድ ግራም ውስጥ ወደ አሥር ሚሊዮን ሲጠጉ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ ሳይበስል በሚበላ ምግብ ውስጥ በመጠቀሚያ ጊዜው ሁሉ የሚፈቀደው የሊስቴሪያ ከፍተኛ ቁጥር በአንድ ግራም 100 ነው። በመቶና በአሥር ሚሊዮን መካከል ያለውን ርቀት የሚለይ አፍንጫ ቢኖር ኖሮ እኔ ለዓመታት ሥራ አይኖረኝም ነበር። የሸተተ ሥጋ ጣሉ፤ ያልሸተተ ሥጋ ግን ስላልሸተተ ብቻ ነፃ አልወጣም።

ትንንሾቹን በፍጥነት ልለፋቸው። በረዶ ቤት ማስገባት ባክቴሪያን ያስተኛል እንጂ አይገድልም፤ በረዶው ሲለቅ ሥራውን ካቆመበት ይቀጥላል። አየር አልባ እሽግ ከሊስቴሪያ አይከላከልም። የተቀነባበረ ሥጋ ካንሰር ያመጣል የሚለው ክርክር፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሁለቱን የሚያቀላቅሉ ሰዎች አንዱንም በቅጡ አልተረዱም። ሻጩ ፊት ለፊታችሁ የሚቆርጥላችሁ ሥጋም ከታሸገው የተሻለ ንጽሕና የለውም፤ የሻጩ ማሽን በቀን ብዙ ዓይነት ሥጋና አይብ ስለሚያስተናግድ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ብክለት ለማስተላለፍ እንዲያውም የበለጠ ዕድል አለው።

ስለ ጨውና ሥጋው እንዳይበላሽ ስለሚጨመረው ናይትራይት ግን አንድ ሁለት ቃል ያስፈልጋል። የቀድሞዎቹ ቋሊማ ሠሪዎች ትልቁ ጠላት አንድ ባክቴሪያ በሚያመነጨው መርዝ የሚመጣው ቦቱሊዝም የተባለው በሽታ ነበር፤ ስሙ ራሱ ቋሊማ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ በሽታውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዝርዝር የመዘገበውም ዩስቲኑስ ኬርነር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ናይትራይት ያንን መርዝ የሚያመነጨውን ባክቴሪያ በመግታት ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን አንድን ጠላት የገታ ነገር ሁሉንም ገትቷል ማለት አይደለም፤ ሊስቴሪያ ናይትራይት ባለበት ሥጋ ውስጥ ይኖራል፣ ያድጋልም።

ምርት ከገበያ መሰብሰብን በሚመለከት የምሰማው ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ጫፍ አለው። አንዱ ወገን «ይህ ድርጅት ቆሻሻ ነው፣ ስሙ ያልተነሣው ንጹሕ ነው» ይላል። ብዙ ምርት የሚሰበሰበው ግን አንድም ሰው ሳይታመም፣ አምራቹ ራሱ ወይም ተቆጣጣሪው ባደረገው ምርመራ ነው፤ የማይመረምር አምራች የሚሰበስበው ነገር አያገኝም። በአንጻሩ ጥፋቱ እውነተኛ የሆነበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ቦርስ ሄድ የተባለው ኩባንያ ከ3,000 ቶን በላይ ምርት በሰበሰበበት ወረርሽኝ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ ቀደም ሲል በተደረጉ ፍተሻዎች በፋብሪካው ውስጥ ሻጋታ፣ ነፍሳትና የሚንጠባጠብ እርጥበት መታየቱ ተመዝግቦ ነበር። ሁለቱን ለመለየት ማስታወቂያው ለምን እንደ ወጣ ማንበብ ይበቃል፤ የምርቱን ስም ብቻ አይቶ መደናገጥም ሆነ መናቅ ግን ጥቅም የለውም።

ሌላው ወገን «አብስዬ እበላዋለሁ» ይላል። ሊስቴሪያን በተመለከተ እንፋሎቱ እስኪትጎለጎል፣ መካከሉ 74 ዲግሪ እስኪደርስ ማሞቅ ይገድለዋል፤ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን በማንኛውም ጊዜ የሚመከረውም ይኸው ነው። እንዲሰበሰብ የታዘዘውን ሥጋ ግን እንዲህ አታድኑት። ከእሽጉ ወደ መጥበሻው እስኪደርስ እጃችሁን፣ ቢላዋውንና መክተፊያውን ይነካል፤ ከዚህም ሌላ ስታፊሎኮከስ የሚያመነጨው መርዝ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም እሳት ተቋቁሞ ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ ምርቱ የተሰበሰበው በብረት ስባሪ ምክንያት ነው፤ ብረት እንደማይበስል መቼም ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን «ከበላሁት ሳምንት ሆኖኛል፣ ሆዴንም አላመመኝም» የሚለው ነው። ሊስቴሪያ የሆድ በሽታ ብቻ አይደለም። ከአንጀት ወጥቶ ወደ ደም፣ ወደ አንጎል ሽፋንና ወደ ፅንስ ያልፋል፤ ምልክቱም ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት፣ አልፎ አልፎም እስከ 70 ቀን ድረስ ዘግይቶ ይታያል። እናቲቱ እንደ ጉንፋን ያለ ትኩሳትና ቁርጥማት ብቻ ተሰምቷት ፅንሱ ሊሞት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በደቡብ አፍሪካ ፖሎኒ በተባለው የተቀነባበረ ሥጋ የተነሣው ወረርሽኝ ከ1,000 በላይ ሰዎችን አሳምሞ ከ200 በላይ ሲገድል፣ ከታማሚዎቹ 40 በመቶ ያህሉ ከተወለዱ ወር ያልሞላቸው ጨቅላዎች ነበሩ። ሥጋውን አልበሉም፤ እናቶቻቸው ግን በልተዋል። ጤነኛ ጎልማሳ «እኔ ምንም አልሆንኩም» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ያን ሥጋ አብራው የበላች ነፍሰ ጡር ሚስቱን ግን ምስክርነቱ አያድናትም።

እንግዲህ የምትሰበሰብ ምርት ቤታችሁ ካለች፣ በመጀመሪያ የምርት መለያ ቁጥሩንና የመጠቀሚያ ቀኑን ከማስታወቂያው ጋር አስተያዩ፤ ስሙ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ከተለየ የእናንተ አይደለም። ከሆነ፣ አትክፈቱት፣ አትቅመሱት፣ ለውሻም አትስጡት፤ በሌላ ላስቲክ አሽጋችሁ ወደ ገዛችሁበት መልሱ ወይም ጣሉት። እሽጉን ቀድማችሁ ጥላችሁት ቁጥሩን ማወቅ ካልቻላችሁ ሥጋው የዚያው ምርት እንደሆነ ቁጠሩት። ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘለውን ሥራ ሥሩ፦ ባክቴሪያው ፍሪጁ ውስጥ ከቀረ ኑሮውን ይቀጥላልና፣ መደርደሪያዎቹን አውጥታችሁ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡ፣ የበሩን ጎማ እጥፋት በጨርቅ ጥረጉ፣ የፈሰሰ ነገር ያረፈበትን ዕቃ ሁሉ አጽዱ። ፍሪጁን ወደ 4 ዲግሪ አውርዱት፤ ቴርሞሜትር ግዙ፤ የተከፈተ እሽግ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ቀን ምንም ይበል፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ጨርሱ። በሁለት ወር ውስጥ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር ወይም መዘባረቅ ከታየ፣ በተለይም ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ምን እንደ በላችሁና መቼ እንደ በላችሁ ንገሩት፤ ይህን ሲያውቅ የደም ምርመራ ያዛል፣ ትክክለኛውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ቶሎ ይጀምራል።