የመሀል አዲስ አበባ ንግድና የሚቀያየረው የውጭ ሁኔታ

የመሀል አዲስ አበባ ንግድ የሚባለው ከጊዮርጊስና ከፒያሳ ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የሚወርደው፣ በምዕራብ መርካቶንና ተክለ ሃይማኖትን፣ በሌላ በኩል ሜክሲኮን፣ ስታዲየምንና ካዛንቺስን የሚያካትተው አካባቢ ንግድ ነው። እዚህ ሱቅ የከፈተ ሰው በራሱ የሚወስነው ነገር ጥቂት ነው፦ ምን እንደሚሸጥ፣ ማንን እንደሚቀጥር፣ ለማን ዱቤ እንደሚሰጥ። ኪራዩ፣ የዶላሩ ዋጋ፣ ግብሩ፣ መንገዱና መብራቱ ከእጁ ውጭ ናቸው። የንግድ ትምህርት እነዚህን «የውጭ ሁኔታዎች» ይላቸዋል። ከእነሱ መካከል የዚህን አካባቢ ነጋዴ ከምንም በላይ ከፍ ዝቅ ያደረጉት ግን ሁለቱ ናቸው፤ ቤትና ዶላር።

ገበያው ገና ከጅምሩ በሌሎች ውሳኔ ሲንቀሳቀስ የኖረ ነው። የከተማዋ ትልቅ ገበያ መጀመሪያ የነበረው አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ሥራ ጀመረ። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር አዲስ አበባ ደረሰ፤ በቅሎና ግመል ሳምንታት ይፈጅባቸው የነበረውን መንገድ ባቡሩ ወደ ቀናት አሳጠረው። የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅ ፒያሳን የሞላውም በእነዚያ ዓመታት ነው። ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንስቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ወሰደው። ስሙም የቀረው በጣሊያንኛ ነው። ያኔ ከአራዳ የተነሳ ነጋዴና በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከፒያሳው ዶሮ ማነቂያ የተነሳ ነጋዴ ቢገናኙ ብዙ የሚያወሩት ነገር ነበራቸው።

በመካከሉ የ1967 ዓ.ም. ውርስ አለ። ደርግ ታኅሣሥ ላይ ባንኮችንና የመድን ድርጅቶችን ወረሰ፤ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት «ኪራይ ቤቶች» ወደሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዱ። ዝቅተኛ ኪራይ ይከፍል የነበረ ሰው ኪራዩ የበለጠ ተቀነሰለት። አዋጁ ብዙ ባለንብረቶችን ባዶ እጃቸውን አስቀርቷል፤ የፒያሳን የውጭ አገር ነጋዴዎችም አሰድዷል። ለትንሹ ነጋዴ ግን ሳይታሰብ ትልቅ ድጋፍ ሆነለት። ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሰፊው፣ ፀጉር አስተካካዩና ሻይ ቤቷ በከተማዋ እምብርት ከገበያው ዋጋ እጅግ ባነሰ ኪራይ ለአሥርተ ዓመታት መቆየት የቻሉት በዚሁ አዋጅ ምክንያት ነው። ብዙዎች ታታሪነት ብቻ ያቆማቸው ይመስላቸዋል፤ ታታሪነቱ አለ፣ ግን ርካሹ ኪራይ ባይኖር ብዙዎቹ እዚያ አይቆዩም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ርካሹ ቤት የራሱ ጣጣ ነበረው። የእኔ ያልሆነ ቤት ብሎ ጣሪያ የሚያድስ አልነበረም። ተከራዩ ቤቱን በብዙ እጥፍ ዋጋ ለሌላ ያከራይ፣ ሲለቅም «የቁልፍ» ብሎ ገንዘብ ይቀበል ነበር። ከሁሉ የከፋው በነጋዴው ስም የቤት ካርታ አለመኖሩ ነው። ባንክ ሲበደሩት መጀመሪያ የሚጠይቀው መያዣ ነውና ሃያ ዓመት የነገደ ሰው ብድር ማግኘት ይቸግረዋል። ዕቁብ በመሀል ከተማው ይህን ያህል የተስፋፋው በባህል ብቻ ሳይሆን በዚህም ጭምር ነው። የሳምንት ዕቁብ የገባ ባለሱቅ ዕቃ ሊያመጣ ገንዘብ ሲቸኩል ዕጣ ከደረሰው አባል ላይ ዕጣውን ይገዛል፤ ወለዱ ወለድ ባይባልም ያው እዚያው ውስጥ አለ። ዋሱ ሰው ነው፤ ዳኛውና ጸሐፊው የማይፋቅ ደብተር ይይዛሉ። የግል ባንኮች ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ተመልሰው፣ ዛሬ በየሕንፃው ሥር ቅርንጫፍ ቢከፍቱም ዕቁቡ አልጠፋም።

ዶላሩን በተመለከተ፣ በ1985 ዓ.ም. መስከረም አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ተመነዘረ። ከዚያ በኋላ ብር ቀስ በቀስ እየወረደ፣ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. 15 በመቶ በአንድ ጊዜ ተቀነሰ። ነጋዴውን ያስለቀሰው ግን ከምንዛሪው ይልቅ ወረፋው ነበር። ባንክ ኤልሲ (ለውጭ አገር ሻጭ ባንኩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ወራት ይጠበቅ ነበር፤ አስመጪው ሲያቅተው ፊቱን ወደ ጥቁር ገበያ ያዞር ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች፣ ከመኪና እስከ ሽቶና ቸኮሌት፣ የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ሲደረግ ደግሞ በእነዚህ ዕቃዎች የሚተዳደሩ ሱቆች በአንድ ደብዳቤ ሥራቸው ተለወጠ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ተወሰነ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የ38ቱ ዕቃዎች እገዳም ተነሳ። በዚያ ነሐሴ ሱማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሊገዛ የሄደ ሰው የገጠመው ይህ ነው፦ የፍሬን ሸራው መደርደሪያው ላይ አለ፣ ባለሱቁ በርጩማው ላይ ተቀምጧል፣ ዕቃው ግን አይሸጥም። «ዋጋው ገና አልታወቀም፤ ነገ ብቅ በል» ይባላል። ደንበኛው ስግብግብነት ይለዋል። ነጋዴው ግን የሚያሰላው የገዛበትን ሳይሆን የሚተካበትን ነው፤ በአሮጌው ዋጋ ሸጦ በአዲሱ ካስመጣ መደርደሪያው ጎደሎ ይሆናል። ሁለቱም ሐሳብ ውስጥ እውነት አለ። ዶላሩን በ57 ብር ከባንክ ያገኘው ጥቂት አስመጪ በአንድ ሌሊት አተረፈ፤ ቀድሞም በጥቁር ገበያ ከ100 ብር በላይ ሲገዛ የነበረው ግን ዋጋ የሚጨምርበት ምክንያት ትንሽ ነበር። መንግሥት ያለ አግባብ ዋጋ ጨመሩ ያላቸውን ሱቆች አሸገ። ከበር ውጭ ሆኖ የማን ዕቃ በየትኛው ዶላር እንደገባ መለየት ግን ቀላል አይደለም።

ግብር ሌላው የውጭ ኃይል ነው። በ1995 ዓ.ም. 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ቀጥሎም የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን መጣ። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ግምቱ ከአቅማቸው በላይ ነው ብለው ሱቃቸውን ዘጉ። ደረሰኝ ለመቁረጥ ደረሰኝ ያለው ዕቃ መግዛት ያስፈልጋል፤ ቸርቻሪው «ከላይ ሳይቆረጥልኝ እኔ ከየት አምጥቼ ልቁረጥ» ሲል ጅምላ ሻጩን ማለቱ ነው።

የ2012 እና የ2013 ዓ.ም. ችግሮች ተከታትለው መጡ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ተገኘ፤ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ፤ መስከረም ላይ የብር ኖቱ ተቀየረ፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ስልክ ገንዘብ መያዣ ሆነ። ዛሬ በየሱቁ ግድግዳ የተለጠፈ የሒሳብ ቁጥር አለ፣ ባለሱቁም ዕቃውን የሚሰጠው የስልኩን መልእክት አይቶ ነው።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ የ1967ቱ አዋጅ ያስገኘውን ርካሽ ኪራይ ከሥሩ ነቀለው። ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተከተለ። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛ መሄጃው አምሯል፣ መብራቱ በማታ ሰው ያወጣል። ለካፌና ለሆቴል ይህ ገቢ ነው። በቀበሌ ቤት ይነግድ ለነበረው ግን ምትክ ቦታ ቢያገኝም ሩቅ ነው፤ በመሀል ከተማ የግል ሕንፃ ላይ የሚጠየቀው ኪራይ ደግሞ የቀድሞው ሥራው የሚሸከመው አይደለም።

ከተነሱት መካከል መቀጠል የቻሉትን ስናይ አንድ ልዩነት ይታያል። ወርቅ ሠሪው፣ የሐበሻ ልብስ ሰፊዋና የስልክ ጠጋኙ የደንበኛ ስልክ በደብተር ወይም በቴሌግራም ይዘው ነበር፤ አዲሱን ቦታ ፎቶ አንስተው ልከው ሥራ ቀጠሉ። ጀበናዋን ደረጃ ሥር ዘርግታ ለመንገደኛ ቡና የምትሸጠው ሴት ግን የማንንም ስልክ አልያዘችም። ደንበኞቿ የአጠገቧ ሱቆች ሠራተኞችና ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም ከሱቆቹ ጋር ተበትነዋል።