ዲኤው፦ የኢትዮጵያ የግብርና ኤክስቴንሽን ከአለማያ እስከ ቀበሌ

ገጠር ገብቶ «መንግሥት ለገበሬው ምን ያደርጋል?» ብሎ ለጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቆመው አንድ ወጣት ነው። በወረቀት ላይ «የልማት ሠራተኛ» ይባላል። በአፍ ግን ሁሉም ዲኤ ነው የሚለው። ማዳበሪያ ፈላጊ የሚመዘግበው፣ በመስመር ዝሩ የሚለው፣ ለእርከን ሥራ ሰው የሚያስወጣው፣ ማታ ደግሞ ሪፖርት የሚጽፈው እሱ ነው፤ ወይም እሷ ናት። አዲስ አበባ ላይ የሚወጣ የግብርና ፖሊሲ ገበሬው ማሳ የሚደርሰው በዚህ ሰው እግር ነው።

ሥርዓቱ የግብርና ኤክስቴንሽን ይባላል። ዕድሜው ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ሦስት መንግሥታትን አይቷል። (ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የተጀመረው በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ በአሜሪካኖች እርዳታ ከተቋቋመው ከአለማያ እርሻ ኮሌጅ ጋር ነው። ኮሌጁ ማስተማርም፣ መመራመርም፣ ገበሬ ማማከርም ሥራው ነበር። በ1955 የማማከሩ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ያኔ ባለሙያው ጥቂት፣ አገሩ ሰፊ ስለነበር አብዛኛው ገበሬ ኤክስቴንሽን የሚባል ነገር ሳይሰማ ነው ያረሰው።

ነገሩ የከረረው አርሲ ላይ ነው። በ1960 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ አሰላን ማዕከሉ አድርጎ ሥራ ጀመረ። ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ የወተት ላም፣ መንገድ፣ ሁሉንም በአንድ አካባቢ አከማችቶ ማሳየት ነበር ሐሳቡ። ወላይታ ላይም ዋዱ የሚባል ተመሳሳይ ፕሮጀክት ተከተለ። ምርቱ በእርግጥ ጨመረ። ግን መሬቱ የባለርስቱ ነበር። ስንዴ አትራፊ መሆኑን ያየ ባለርስት ትራክተር አመጣና ጭሰኛውን አስነሳው። ትንሹን ገበሬ ለመርዳት የመጣ ፕሮጀክት ትንሹን ገበሬ ከቀዬው አፈናቀለ ማለት ነው። የመሬት ጥያቄ ሳይነካ ዘርና ማዳበሪያ ብቻ ይዞ መሄድ የት እንደሚያደርስ ከጭላሎ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ካዱን በየቦታው መድገም ደግሞ ውድ ነበር። ስለዚህ በ1964 ገደማ ቀለል ያለ አማራጭ መጣ፤ ማዳበሪያ፣ ዘር፣ ብድርና ምክር ብቻ የያዘ «አነስተኛ ፓኬጅ»። «ፓኬጅ» የሚለው ቃል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከግብርና ቢሮ አልወጣም።

የካቲት 25 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ጭሰኝነት ቀረ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ የገበሬ ማኅበራትም ተቋቋሙ። ደርግ ግን በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ወሰደ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ኮታ፣ በተቆረጠ ዋጋ እህል ይረከብ ነበር። ማዳበሪያና ብድር ደግሞ በቅድሚያ ለመንግሥት እርሻና ለአምራቾች ኅብረት ሥራ ይሄድ ነበር። የኤክስቴንሽን ሠራተኛውም ከምክሩ ይልቅ በኮታና በመንደር ምሥረታ ተጠመደ። ኮታው የተነሳው በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

ከ1983 በኋላ የመጣው መንግሥት ስትራቴጂውን ግብርና መር ኢንዱስትሪ ልማት አለው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ቀጠለ፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በ1985 ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት መጣ። ከጀርባው የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርና የስንዴ ተመራማሪው ኖርማን ቦርሎግ ነበሩ። ዘዴው የሚገባ ነበር፤ ግማሽ ሄክታር በገበሬው በራሱ ማሳ ላይ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ፣ አጠገቡ ሆኖ የሚያሳይ ባለሙያ። በቆሎው ሲያፈራ ጎረቤት መጥቶ ያያል። መንግሥት ውጤቱን አየና በ1987 ዘዴውን የአገሪቱ የኤክስቴንሽን ፕሮግራም አደረገው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ለሙከራ የሠራ ነገር በሚሊዮን ሲባዛ ሌላ ነገር ይሆናል። በዚያ ፕሮግራም ገበሬው የዘሩንና የማዳበሪያውን ዋጋ ከፊሉን በቅድሚያ ይከፍል ነበር፤ ቀሪውን ምርት ሲሰበስብ። ለሚያበድረው ባንክ ዋስ የሚሆነው ክልሉ ነበር። ክልሉ ዋስ ከሆነ ዕዳው እንዲመለስ ወረዳውን ይጫናል፤ ወረዳው ቀበሌውን፣ ቀበሌው ዲኤውን። እናም በግንቦት «ይህን ዘር ሞክሩት» ያለው ልጅ በጥር «ዕዳችሁን ክፈሉ» እያለ ይመጣል። አስተማሪም ዕዳ ሰብሳቢም መሆን አይገጥምም። ገበሬው ምክሩን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ትእዛዝ መስማት የጀመረው በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

ፈተናው የመጣው በ1993 እና በ1994 ነው። ዝናቡ ሰመረ፣ በቆሎው ሞላ፣ ዋጋው ወደቀ። በአንዳንድ ቦታ እህሉን ለመሰብሰብ የሚወጣው ወጪ ከሽያጩ በለጠ። የማዳበሪያ ዕዳ ግን በበቆሎ ዋጋ አይወርድም። በሬ የሸጠ ነበር። በቀጣዩ ክረምት ብዙዎች ማዳበሪያ ቀነሱ፤ ዝናቡም ቀረ። በ1995 የምግብ እርዳታ የሚፈልገው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ምርት ማሳደግ ብቻውን፣ ያለ ገበያና ያለ መጋዘን፣ ገበሬውን ሊያከስር እንደሚችል ያን ጊዜ ታየ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተደራረበ። በ1997 ሴፍቲኔት ተጀመረ፤ በየዓመቱ የምግብ ክፍተት ያለበት ቤተሰብ በአካባቢ ሥራ ተሰማርቶ ገንዘብ ወይም እህል የሚያገኝበት ፕሮግራም ነው። በ2000 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተከፈተ፤ በቆሎና ስንዴን ብሎ የተነሳ ቢሆንም ቶሎ የቡናና የሰሊጥ ቤት ሆነ። በየክልሉ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ታደለ። አማራ ክልል ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ መለጠፉ ትንሽ ነገር አይደለም። ፍቺ ላይ የሴቷን ድርሻ መካድ ከባድ ሆነ።

ዲኤውም በቁጥር በዛ። አላጌና አጋርፋን በመሳሰሉ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሦስት ዓመት እየሠለጠኑ ከ60,000 በላይ ወጣቶች ወጡ። በየቀበሌው ሦስት ባለሙያ እንዲመደብ ተወሰነ፤ አንድ ለሰብል፣ አንድ ለእንስሳት፣ አንድ ለተፈጥሮ ሀብት። ከገበሬው ቁጥር አንጻር እንዲህ ብዙ የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያላቸው አገሮች ጥቂት ናቸው። በየቀበሌው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከልም ተሠራ። ግን ብዙዎቹ ግድግዳና ጣሪያ ሲኖራቸው የሥራ ማስኬጃ በጀት አልነበራቸውም።

የምክሩ ጥራትስ? ለረጅም ጊዜ ማዘዣው አንድ ነበር፤ ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ የተባሉት ማዳበሪያዎች። ቆላ ይሁን ደጋ፣ ቀይ አፈር ይሁን መረሬ፣ ለውጥ የለም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2003 ከተቋቋመ በኋላ የአፈር ካርታ ሲሠራ በብዙ ቦታ ድኝ፣ ዚንክና ቦሮን እንደሚጎድል ታየ። ዳፕ ድኝም ባለበት ኤንፒኤስ በተባለ ማዳበሪያ የተተካው በዚህ ምክንያት ነው።

ጤፍን በመስመር መዝራት የዚሁ ዘመን ዘመቻ ነው። በብተና ለሄክታር ከ25 ኪሎ በላይ ዘር ይበተን የነበረው ወደ 5 ኪሎና ከዚያ በታች ይወርዳል። አገዳው ይጠነክራል፣ አረሙ ይቀላል። ሥራው ግን ወገብ ይቆርጣል። የጤፍ ፍሬ ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነች ያነፈሰ ያውቃል። ገመድ ተወጥሮ፣ ክዳኑ በተበሳ የውሃ ፕላስቲክ ጠብ ጠብ እያደረጉ ሙሉ ቀን ጎንበስ ማለት ነው። ጉልበት ያለው ቤተሰብ ቀጠለበት፤ ሌላው ወደ ብተናው ተመለሰ። በ1998 ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣው «ቁንጮ» የተባለው ነጭ ጤፍ ግን ብዙ ግፊት አላስፈለገውም። ገበሬው አየው፣ ገበያው ወደደው፣ ዘሩ ከጎረቤት ጎረቤት ተዛመተ።

አሁን ምክሩ በስልክም አለ። 8028 በነፃ ይደወላል፤ በተለያዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች ስለ ዘርና ተባይ ይነግራል። ኩታ ገጠም እርሻ (ጎረቤታሞች ማሳቸውን አያይዘው አንድ ዓይነት ሰብል የሚዘሩበት)፣ የበጋ መስኖ ስንዴና የሌማት ትሩፋት (ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር ላይ ያተኮረው) የቅርብ ዓመታት ዘመቻዎች ናቸው። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ የመጠቀም መብትን ለብድር ማስያዝ እንዲቻል በር ከፍቷል። እነዚህ ሁሉ ቀበሌ ሲደርሱ ያው አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፉት።

ዲኤው ግን ብዙ አይቆይም። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ቤቱ ከመንገድ ይርቃል። በማታ ወይም በክረምት ተምሮ ዲግሪውን ሲይዝ ወረዳ ወይም ከተማ ይገባል። በቦታው ሌላ ከኮሌጅ የወጣ ልጅ ይመደባል። የትኛው ማሳ ውሃ እንደሚቋጥር፣ የትኛው ጥግ ዋግ እንደሚወጣበት ለአዲሱ ልጅ የሚያሳየው ገበሬው ነው።