ያለ ፍላሽ፦ በወሎ ጎዳናዎች ለፎቶ የሚሆኑ ብርሃኖች

የጎዳና ፎቶ ሰው ሳይደረደር፣ በዕለት ኑሮው ላይ እንዳለ የሚነሳበት ሙያ ነው። ብርሃን ሲያንስ ብዙ ፎቶ አንሺ ፍላሹን ያበራል። ፍላሽ ግን ፊት ለፊት ያለውን ሰው አንጥቶ ከኋላ ያለውን ገበያ ያጨልማል። ነጠላ የለበሱ እናት ከሆኑ ደግሞ ነጠላው ነጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ጥለቱ እንኳ አይለይም። ከሁሉ የሚብሰው፣ ሰው መነሳቱን የሚያውቀው ብልጭ ካለበት በኋላ መሆኑ ነው። ሳይቋረጥ የሚበራ ደካማ ብርሃን ግን ፎቶ አንሺውን ያስጠጋዋል። ሲጠጋ ይታያል። ሲታይ ሰላምታ ይሰጣል፣ ይጠይቃል። የሚነሳውም ሰው «ይቅርብኝ» ለማለት ጊዜ ያገኛል። ወሎ ውስጥ ያለ ፍላሽ መሥራት የሚመረጠው በዋናነት ለዚህ ነው።

ከብርሃኖቹ ሁሉ ቀዳሚው ጥላ ነው። ወሎ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 እስከ 12 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ዓይን ጉድጓዱ ውስጥ ይጠፋል። የባቲ የሰኞ ገበያ ላይ ይህ በደንብ ይታያል። አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም የሚገናኝበት ይህ ገበያ የሚደምቀው ፀሐይ ሲከር ነው። መፍትሔው ነጋዴዎቹ ለራሳቸው የዘረጉት ሸራ ነው። ሸራው ጠርዝ ላይ፣ ወደ ውጭ ዞሮ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ላይ ከአቧራማው መሬት የተመለሰ ሞቅ ያለ ብርሃን ያርፍበታል። ሰማያዊ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ ፊቱንም ሰማያዊ ያደርገዋል። ግመልና በሬ ባለበት ቦታ ፍላሽ መተኮስ ደግሞ ከፎቶውም በላይ የደኅንነት ጉዳይ ነው። እንስሳው ሲደነግጥ የሚረገጠው አጠገቡ ያለው ሰው ነው።

ደሴ ሌላ ጸባይ አላት። ከተማዋ በተራሮች መሃል ስለሆነች ጀንበሯ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትሰወር ሰማዩ ገና ብሩህ ነው። ጎዳናው ላይ ጠንካራ ጥላ የለም፤ ፊት ሁሉ እኩል ይታያል። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ድንግዝግዙ የሚቆየው ከ20 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። በረመዳን ይህች ሰዓት ከማፍጠሪያው ጋር ትገጥማለች። አረብ ገንዳ በሚባለው የደሴ ሰፈር አካባቢ ሰማዩ ሰማያዊ፣ የሱቁ አምፖል ቢጫ ሆኖ ሁለቱ አንድ ፊት ላይ ይገናኛሉ። የካሜራውን ዋይት ባላንስ (የቀለም ማስተካከያ) አውቶ ላይ ከመተው የቀን ብርሃን ላይ ማሰር ይሻላል፤ ሁለቱም ቀለም እንደነበረ ይቀመጣል።

ጉም ሲወርድ ፍላሽ ጭራሽ አይሠራም። ብርሃኑ ጉሙ ላይ ነጥሮ ወደ ሌንሱ ይመለሳል፤ የሚወጣው ነጭ መጋረጃ ነው። ባጃጅ ግን ይሠራል። የሚያልፈው ሰው በናንተና በባጃጁ መብራት መካከል ሲገባ ገጽታው ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ዙሪያውን ጉሙ ያበራለታል። ዝናብ የመታው አስፋልት ካለ መብራቱ እጥፍ ይሆናል።

በክረምት ምሽት ደግሞ የበቆሎ ጠባሿ ከሰል አለ። ከሰሉ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ቀይ ብቻ ነው፤ ለካሜራ አይበቃም። ማራገቢያውን ስታወዛውዝ ግን ፍሙ ይነሳል፤ አገጯ፣ ጉንጯ፣ ከዚያ ግንባሯ በተራ ይበራሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ እጇን አይቶ ምቷን መያዝና ፍሙ ጫፍ ሲደርስ መተኮስ ነው። በቆሎውን ገዝቶ፣ «እህቴ፣ ላንሳሽ?» ብሎ የቆመ ሰው ይህን ሁሉ ለማየት ጊዜ አለው።

ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው የላሊበላ የገና ዋዜማ ነው። ምእመናኑ ጧፍ ይዘው ሲቆሙ ብርሃኑ ከአንዱ ነጠላ ወደሌላው ፊት ይነጥራል። ስቱዲዮ ውስጥ ሪፍሌክተር (ብርሃን መላሽ ነጭ ሰሌዳ) የሚሠራውን ሥራ እዚህ ነጠላው ይሠራዋል። ጧፍ ከፊት ከአንድ ክንድ በታች ሲርቅ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 1.8 እና ከ1/40 እስከ 1/60 ሰከንድ የሆነ የሹተር (ብርሃን አስገቢው መዝጊያ) ፍጥነት ይበቃዋል። እጅ ካልተረጋጋ ግድግዳ መደገፍ ነው። የጧፍ ብርሃን በብርሃን ቀለም መለኪያው 1900 ኬልቪን ገደማ ስለሆነ በጣም ቢጫ ነው። ቢጫውን ሙሉ በሙሉ አታጥፉት፤ ሌሊቱ ቀን ይመስላል። ጠዋት ላይ፣ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ፣ ብርሃኑ ከሰማይ ስለሚመጣ አይኤስኦውን መልሶ መቀነስ ያስፈልጋል። ጸሎት ላይ ያለ ሰው ፊት ፍላሽ ማብራት ግን በየትኛውም ሰዓት ነውር ነው።

መብራት ሲጠፋ ሱቆች ሻማና የሶላር ፋኖስ ያወጣሉ፤ ባንኮኒው ብቻውን መድረክ ይሆናል። የራስን ብርሃን መያዝ ካስፈለገ በኪስ የምትያዝ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ወይም የስልክ ባትሪ ትበቃለች። ላይዋ ላይ ነጭ ፌስታል ቢደረብባት ትለሰልሳለች። ከካሜራው ጎን ሳይሆን ከሰውየው ጎን፣ ጓደኛ ይዟት ትቁም። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ አንድ እርምጃ መጠጋት አምፖል ከመቀየር ይሻላል።

የሱቅ አምፖልና ፓውዛ አንድ ችግር አላቸው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ ብዙዎቹ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ዓይን አያየውም፤ ካሜራ ግን ያየዋል፤ ፎቶው ላይ የጠቆረ መስመር ይጥላል። ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ መስመሩን ያጠፋዋል። ድምፅ አልባውን የኤሌክትሮኒክ ሹተር ግን እንዲህ ያለ መብራት ስር አትክፈቱት።