ብዙ ኤልኢዲዎችን በተከታታይና በትይዩ ማገናኘት

ኤልኢዲ እንደ ድሮው አምፖል አይደለም። አምፖሉን የተጻፈበትን ቮልት ከሰጡት በቃ፣ ይበራል። ኤልኢዲ ግን ቮልቱ ትንሽ ከፍ ካለ የሚስበው ከረንት፣ ማለትም በውስጡ የሚፈሰው የኤሌክትሪክ መጠን፣ በብዙ እጥፍ ይዘላል። ስለዚህ ልጓም የሚያስፈልገው ለከረንቱ ነው። ልጓሙም ድራይቨር ይባላል።

ነጭ ኤልኢዲ ሲበራ 3 ቮልት ገደማ ይወስዳል፤ ቀዩ ወደ 2 ቮልት። ለትንሿ ባለ 5 ሚሊሜትር 20 ሚሊአምፒር ከረንት ይበቃታል። የ1 ዋቷ 350 ትፈልጋለች።

በተከታታይ፣ ማለትም በሲሪስ ሲቀጠል፣ የአንዱ ኔጌቲቭ ከቀጣዩ ፖዘቲቭ ጋር ይያያዛል። በሁሉም ውስጥ እኩል ከረንት ያልፋል፤ ቮልቱ ይደመራል። 12 ነጭ ኤልኢዲ 36 ቮልት ገደማ መሆኑ ነው። ድራይቨሩ ላይ «350 ሚሊአምፒር፣ ከ24 እስከ 42 ቮልት» ተብሎ ከተጻፈ ልክክ ይላል። 6 ብቻ ከቀጠሉበት ግን 18 ቮልት ስለሚሆን ከወሰኑ በታች ወርዶ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል። አንዱ ኤልኢዲ ከተበጠሰ ሁሉም ይጠፋል። 100 ቢደረደሩ ደግሞ 300 ቮልት ነው፤ ሰው ይገድላል።

ለዚህ ነው በተከታታይ የተቀጠሉ አጫጭር መስመሮችን ጎን ለጎን በትይዩ፣ በፓራለል የምናደርገው። ጣጣውም እዚሁ ይጀምራል። ሁለት መስመር ከአንድ ባለ 700 ሚሊአምፒር ድራይቨር ጋር አገናኙ እንበል። በወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ 350 ይደርሰዋል። ኤልኢዲ ግን ሲሞቅ የሚፈልገው ቮልት ይቀንሳል። የሞቀው መስመር የጓደኛውን ድርሻ ይሻማል፤ በሻማ ቁጥር ይበልጥ ይሞቃል። አንዱ መስመር ከተቋረጠማ 700ው በሙሉ በሌላው ላይ ይወርዳል። በየመስመሩ ትንሽ ሬዚስተር (ከረንት የሚገታ ዕቃ) ማስገባት ሽሚያውን ያለዝበዋል፤ መቋረጡን ግን አያድንም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለየመስመሩ የራሱ ድራይቨር ይሻላል። ወጪው ይጨምራል፤ እንቅልፍ ግን ይሰጣል።

ባለ 12 ቮልት ተለጣፊ ስትሪፕ፣ ማለትም ኤልኢዲ የተደረደረበት ጥብጣብ፣ ሌላ መንገድ ነው። ሦስት ነጭ ኤልኢዲ 9 ቮልት ይወስዳሉ፤ የቀረውን 3 ቮልት ሬዚስተር ይይዘዋል። ለ20 ሚሊአምፒር 150 ኦም ማለት ነው። እንዲህ ያሉት ቡድኖች በትይዩ ይደረደራሉ። ለዚህ የሚሆነው ቮልቱን የማይለዋውጥ ፓወር ሰፕላይ ነው። ስትሪፑ ከረዘመ ጫፉ ይደበዝዛል፤ ከሁለቱም ጫፍ መመገብ ይረዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከረንት የሚቆጣጠር ድራይቨር በርቶ እያለ ኤልኢዲ አይሰካበትም። ባዶውን ሲቆይ ቮልቱ እስከ ጣሪያው ይወጣል። ሽቦው በተነካ ቅጽበት የተጠራቀመው ሁሉ ይለቀቅና ኤልኢዲው ሳይበራ ሊቃጠል ይችላል።