መጽሐፉን ያነበበ ሰው ክፍል አንድን ሲያይ የሚሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ ፒያሳ ላይ ሻይ እየተጠጣም ይሁን ኮምቦልቻ ዶርም ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ተከቦ፣ የምናብ ዓለም ልቦለድ ወደ ተከታታይ ፊልም በተቀየረ ቁጥር የሚነሳው ክርክር አንድ ነው፤ «መጽሐፉን አበላሹት»። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ማነጻጸሪያው ራሱ የተሳሳተ ነው። የመጀመሪያ ክፍል ሥራው ተመልካቹ ማንን እንደሚከተል፣ ምን እንደሚፈራና ምን ለማወቅ እንደሚጓጓ መወሰን ነው፤ መለካት ያለበትም በዚህ ነው። ምሳሌያችን በዋናነት «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ነው። የጆርጅ አር. አር. ማርቲን መጽሐፍ በ1996 ታተመ፣ የአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤች ቢ ኦ የመጀመሪያውን ክፍል በኤፕሪል 2011 አሳየ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያላየ ካለ ይጠንቀቅ፤ የክፍል አንድ መጨረሻ እዚህ ይነገራል።

«ታማኝ ፊልም ቃል በቃል ይከተላል»

ይህ ግምት የመጣው ከሬዲዮ ትረካ ይመስለናል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ የሚያነበው የሐዲስ ዓለማየሁን ዓረፍተ ነገር ነው፤ ድምፁ ይጨመርበታል እንጂ ጽሑፉ ያው ነው። ፊልም ግን እንዲህ ያለ ተራኪ የለውም። ደራሲ «ጭጋጉ የጦሳን ተራራ ዋጠው፤ እሱ ግን ልቡ የሄደው ወደ እናቱ ቤት ነበር» ብሎ በአንድ መስመር ይጨርሳል። ካሜራው ጭጋጉን ያሳያል፤ የልቡን ነገር ለማሳየት ግን ወይ የሚያናግረው ሰው፣ ወይ ዕቃ፣ ወይ ሌላ ትዕይንት መፍጠር ግድ ነው።

ሒሳቡም አይፈቅድም። የማርቲን መጽሐፍ ከመግቢያው ሌላ 72 ምዕራፎች አሉት፣ የመጀመሪያው ሲዝን ደግሞ 10 ክፍል ነው። ለአንድ ክፍል ሰባት ምዕራፍ ገደማ ይደርሰዋል። አንድ የስክሪፕት ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ስለሆነ፣ ሰባቱ ምዕራፎች ስልሳ ገጽ ገደማ ውስጥ መግባት አለባቸው።

«ያልታየ ነገር ሁሉ ተቆርጧል»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይህ ነው። የሰሜኑ ጌታ የኔድ ስታርክ ትንሽ ልጅ ብራን ግንቡን ወጥቶ በመስኮት የሚያየውን ትዕይንት ውሰዱ። በመጽሐፉ ልጁ መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ወንድና ሴት ስለ ኔድ ሹመት፣ ከእሱ በፊት በሹመቱ ላይ ስለነበረው ስለ ሟቹ ጆን አሪንና ስለ ሚስቱ ስለ ሊሳ ረዘም አድርገው ይነጋገራሉ፤ ማን እንደሆኑ የምናውቀው ቆይተን ነው። በፊልሙ ይህ ሁሉ ንግግር የለም። ብራን ይወጣል፣ ያያል፣ ይወረወራል።

ንግግሩ የት ሄደ? ወደ ክፍሉ መጀመሪያ። በመስኮቱ የታዩት ሁለቱ፣ ንግሥት ሰርሲና ጄሚ፣ በጆን አሪን አስከሬን አጠገብ ቆመው «ለሰው ነግሮ ይሆን?» ብለው የሚጨነቁበትን ትዕይንት መጽሐፉ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ሊኖርም አይችልም። ማርቲን ከመግቢያው በቀር ታሪኩን የሚነግረን በስምንት ሰዎች ዓይን ብቻ ነው፣ ሰርሲና ጄሚ ደግሞ በዚህ መጽሐፍ ከስምንቱ ውስጥ የሉም።

ትዕይንቱ የተጨመረበት ሌላም ምክንያት አለ። በ2009 መጨረሻ የተቀረጸውን የሙከራ ክፍል ያዩ ሰዎች ሰርሲና ጄሚ እህትና ወንድም መሆናቸውን አልተረዱም ነበር። ይህን ካላወቁ ደግሞ የመስኮቱ ትዕይንት ተራ የውሽምነት ነገር ይሆንና መጨረሻው ኃይሉን ያጣል። ክፍሉ በዳይሬክተር ቲም ቫን ፓተን አብዛኛው እንደገና ተቀረጸ፣ የኔድ ሚስት የካትሊንና የስደተኛዋ ልዕልት የዴነሪስ ተዋናዮችም ተቀየሩ። አሁን በምናየው ቅጂ ጄሚ ገና ሲገባ ወንድሟ መሆኑን በአፉ ይናገራል። ስለዚህ «የለም» ከማለታችሁ በፊት መረጃው በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ሰው አፍ መጥቶ እንደሆነ ፈልጉ።

«የተቀየረው ባለማንበባቸው ነው»

መግቢያው ላይ ሦስት የሌሊት ዘቦች ወደ ጫካ ይገባሉ። በመጽሐፉ ዊል ዛፍ ላይ ሆኖ አለቃው ሰር ዌይማር ከበረዶው ፍጡር ጋር በሰይፍ ሲፋለም ያያል፤ ሰይፉ ይሰበራል፣ ዌይማር ይሞታል፣ ከዚያም ተነሥቶ ዊልን ያንቀዋል። ከፈረሶቹ ጋር የቀረው ሽማግሌው ጋሬድ ያመልጣል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ኔድ አንገቱን የሚቆርጠው ከድቶ የተያዘ ዘብ ሁለቱም ጆሮዎቹ በብርድ የረገፉ ሽማግሌ ነው። ስሙ አይጠራም። መግቢያውን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ግን ጆሮ የሌለው ጋሬድ መሆኑን ይለያል።

ፊልሙ ገልብጦታል፤ ጋሬድ ይሞታል፣ የሚያመልጠውና የሚገደለው ዊል ነው። ለምን? አንባቢ ምልክቱን ገጽ መልሶ ያረጋግጣል፣ ተመልካች ግን የሚያስታውሰው ፊት ነው። ጭራቁን በዓይኑ ሲያይ ያየነው ወጣት ራሱ ሰይፍ ሥር ሲንበረከክ እውነቱን እንደሚናገር እናውቃለን፤ ኔድ ግን አያምነውም። በመጽሐፉ ብራን ሰውዬው ምን እንደተናገረ እንኳ በቅጡ አያስታውስም። እዚህ ላይ ፊልሙ የጠነከረ ይመስለናል። የጠፋው የዌይማር ፍልሚያ ነው፤ ትዕቢተኛው ልጅ በመጨረሻዋ ሰዓት ጀግና የሆነበት ቦታ ነበርና ያሳዝናል።

«ታሪኩ እስካልተቀየረ ድረስ ምን ችግር አለ?»

አለ። የአንባቢ ቅሬታ እውነት የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። በሁለቱም ኔድ የንጉሡ ቀኝ እጅ ለመሆን ወደ ደቡብ ለመሄድ ይስማማል። በመጽሐፉ ግን ሂድ የምትለው ካትሊን ናት። የንጉሥ ግብዣ እምቢ ቢባል ጥርጣሬ እንደሚያመጣ፣ ልጃቸው ሳንሳ ንግሥት ልትሆን እንደምትችል ታሰላለች፤ የእህቷ የሊሳ የምስጢር ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ ይብስባታል። በፊልሙ «አትሂድ» ብላ ትለምናለች፤ ግፊቱም ወደ ቤቱ አማካሪ ወደ ሊቁ ሉዊን ይዞራል። የፖለቲካ ብልሃት ያላት ሴት ባሏን ከቤት እንዳይወጣ የምትይዝ ሚስት ሆነች። የሴራው መስመር ሳይነካ ሰውየዋ ተቀየረች፤ ከማንኛውም የተቆረጠ ምዕራፍ በላይ ይህ ከባድ ነው።

«ዕድሜያቸውን ያለ ምክንያት ጨመሩት»

ብራን በመጽሐፉ 7፣ በፊልሙ 10 ነው። ታላላቅ ወንድሞቹ ሮብና ጆን ስኖው ከ14 ወደ 17 ከፍ ብለዋል። ሕፃን ተዋናይ በቀን የሚሠራው ሰዓት ውስን ነው፣ ጦር ሲመራም ተመልካች አያምነውም።

«ደራሲው ቢኖርበት ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር»

ማርቲን ነበረበት። ከአዘጋጆቹ አንዱ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ አራት ሲዝኖች በእያንዳንዱ አንድ ክፍል ጽፏል።

«ሁሉም ክፍል አንድ ብቻውን ይፈረድበታል»

ሁልጊዜ አይደለም። ሌላው ከመጽሐፍ የተወሰደ ተከታታይ «ዘ ዊል ኦፍ ታይም» በኖቬምበር 2021 ሲጀምር ሦስት ክፍል በአንድ ቀን ነው የወጣው፤ መታየት ያለባቸውም አብረው ነው። የሮበርት ጆርዳን የ1990 መጽሐፍ አብዛኛውን የሚነገረው በራንድ ዓይን ስለሆነ ዋናው ሰው ማን እንደሆነ አንባቢ አይጠፋውም፤ ፊልሙ ግን ይህን ደብቆ እንቆቅልሽ አድርጎታል። ለዚህ ሲል የሌሎቹን ወጣቶች ሸክም ማክበድ ነበረበት። ከእነሱ አንዱ የሆነው ፔሪን በመጽሐፉ ሚስት የለውም፤ በፊልሙ ክፍል አንድ ግን ሚስቱን በውጊያ መሃል ሳያስበው ይገድላል። በመጽሐፉ ጉልበቱን የሚፈራው በሐሳቡ ነው፣ በፊልሙ ፍርሃቱ ድርጊት ሆነ። ዘዴው ይገባናል፤ ክፍያው ግን በዛ፤ ኀዘኑ ቦታ ሳያገኝ ጉዞው ይጀመራል።

«አይቼዋለሁ፣ አንብቤዋለሁ፤ ይበቃል»

መጀመሪያ በፍላሽ የተገለበጠላችሁን ፋይል አረጋግጡ። የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ክፍል አንድ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል፤ 45 ደቂቃ ከሆነ ተቆርጧል። የስም ዝርዝሩ የሚመጣውም ከጫካው ትዕይንት በኋላ ነው። ቀጥሎ መጽሐፉን ከመግቢያው እስከ ብራን መውደቅ፣ ማለትም መግቢያውንና ስምንት ምዕራፍ አንብቡ፤ የዴነሪስን ሁለተኛ ምዕራፍም ጨምሩ። ሠርጓ በመጽሐፉ ከውድቀቱ በኋላ ነው፣ ፊልሙ ግን ክፍሉን በብራን መውደቅ ለመዝጋት ሠርጉን ከውድቀቱ በፊት አድርጎታል። ከዚያ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፤ ትዕይንቱ፣ በመጽሐፉ በማን ዓይን እንደታየ፣ ከትዕይንቱ በኋላ ተመልካቹ አዲስ ያወቀው ነገር። በየትዕይንቱ እያቆማችሁ ሙሉ። ካትሊንን የመሰለ ለውጥ የሚያዘው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓምድ ነው፤ በትዝታ ብቻ ያነጻጸረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የፀጉር ቀለም ነው።