ዱካት ምንድን ነው? ሁሌ ወርቅ ነው እንዴ?

ሰሞኑንም አንዱ አስተያየት ሰጪ ያንኑ ስሌት ይዞ መጣ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በተጻፈ የቬኒስ የጋብቻ ውል ላይ «10,000 ዱካት» የሚል አይቷል። ዱካት 3.5 ግራም ወርቅ ነው፣ ስለዚህ ሙሽራይቱ 35 ኪሎ ወርቅ ይዛ ገባች አለ። ሰውም ተቀባበለው። ማባዛቱ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ቃሉ ላይ ነው።

ይሄ ለእኛ ሊከብደን አይገባም። ማዕድኑ ብር ነው። አያቶቻችን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ጠገራም ብር ነው። ኪሳችን ውስጥ ያለው ወረቀትም ብር ነው። ደመወዙ 10,000 ብር የሆነን ሰው፣ አንዱ ጠገራ 28 ግራም ነውና በወር 280 ኪሎ ይዞ ይገባል የሚል የለም። የአያቴ የጋብቻ ውል «30 ብር» ቢል ግን ወዲያው የምጠይቀው የትኛው ብር ብዬ ነው፤ ጠገራው ነው ወይስ ወረቀቱ?

ዱካትም እንደዚያው ነው። ቬኒስ በ1284 ማውጣት ስትጀምር በእርግጥ የወርቅ ሳንቲም ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግን ስሙ ከሳንቲሙ ተላቀቀና የሒሳብ መዝገብ መቁጠሪያ ሆነ፤ 1 ዱካት ማለት 6 ሊሬ ከ4 ሶልዲ፣ በቃ። (ሊሬና ሶልዲ የቬኒስ ገንዘብ ናቸው፤ 1 ሊሬ 20 ሶልዲ ነው።) ወርቁን ሰው ዜኪኖ ይለው ጀመር፣ ዜካ ከሚባለው የገንዘብ ማተሚያ ቤት ስም። የዜኪኖ ዋጋ እየናረ ሄዶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ 22 ሊሬ ደረሰ። ስለዚህ ያ 10,000 ዱካት ወደ 2,800 ዜኪኖ ነው፤ በወርቅ 10 ኪሎ ገደማ። በዚያ ላይ ቬኒስ በ1562 ዱካት የሚባል የብር ሳንቲምም አውጥታለች!

የሆላንድ ዱካት ሌላ ነው። ከ1586 ጀምሮ የወጣው፣ ሰይፍና የቀስት እስር የያዘ ጦረኛ ያለበት፣ እውነተኛ ወርቅ ነው፤ እዚያ 3.5 ግራም ብሎ ማባዛት ያስኬዳል። ግን ጠርዙ ያልተከረከመ መሆኑን በሚዛን እዩ። ሩሲያም ይህንኑ ሳንቲም ፒተርስበርግ ውስጥ በድብቅ አስመስላ ታትም ነበር።

ዜኪኖ እጃችሁ ከገባ ደግሞ አሮጌ ስለሆነ ብቻ ብርቅ ነው አትበሉ። የቬኒስ መሪ፣ ዶጄው፣ በቅዱስ ማርቆስ ፊት ተንበርክኮ የሚታይበት ሥዕል ለዘመናት ብዙም አልተለወጠም፤ የሚለየው የዶጄው ስም ነው። ዶጄ ፍራንቼስኮ ኮርነር በ1656 ሥልጣን ላይ የቆየው ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም፤ ብርቅ የሚሆነው እንግዲህ እንዲህ ያለ ስም የያዘው ነው። መጀመሪያ ስሙን አንብቡ። ቀጥሎ ለአንገት ጌጥ ተበስቶ እንደሆነ ጠርዙ አካባቢ ፈልጉ፤ ቀዳዳው በኋላ ተደፍኖም ሊሆን ይችላል።