በሆስፒታል እንደ ሥራው ዓይነት የሚመረጥ የሥራ ቦታ

እንደ ሥራው ዓይነት የሚመረጥ የሥራ ቦታ ማለት ሠራተኛው በስሙ የተመደበ ጠረጴዛ ወይም ቢሮ ሳይኖረው፣ በዚያች ሰዓት ለያዘው ሥራ የሚስማማውን ቦታ እየመረጠ የሚሠራበት አደረጃጀት ነው። ስልክ ሲያነጋግር በር ያለው ትንሽ ክፍል፣ ረጅም ሪፖርት ሲጽፍ ጸጥ ያለ ጥግ፣ ከቡድኑ ጋር ሲመክር ሰፊ ጠረጴዛ ይጠቀማል። በሆስፒታል ውስጥ ጉዳዩ የሚመለከተው ማከሚያ ክፍሎቹን አይደለም። ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ፋርማሲስቶች፣ ሶሻል ወርከሮችና የአስተዳደር ሠራተኞች ከታካሚው አልጋ ዘወር ብለው የሚጽፉበትን፣ የሚመካከሩበትን፣ ርክክብ የሚያደርጉበትንና ትንፋሽ የሚሰበስቡበትን ቦታ ነው።

ሐሳቡ የተወለደው ከሆስፒታል ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካዊው አርክቴክት ሮበርት ሉኬቲና የሥነ ልቦና ምሁሩ ፊሊፕ ስቶን አንድ ሠራተኛ በቀን ውስጥ ከአንድ በላይ የሥራ ቦታ እንደሚያስፈልገው ጽፈው አቀረቡ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኔዘርላንዳዊው አማካሪ ኤሪክ ቬልድሁን ሐሳቡን ወደ ተግባር ሲያሻግረው፣ በቲልበርግ ከተማ የሚገኘው ኢንተርፖሊስ የተባለ የኢንሹራንስ ኩባንያ የግል ጠረጴዛን አስቀርቶ ስሙ በዚሁ የሚነሣ ምሳሌ ሆነ። ሆስፒታሎችን ወደዚህ የሳባቸው የቦታ ጥበት ነው። ለቢሮ የተሰጠ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ለአልጋ ሊሆን ይችል ነበር። የሲኒየር ሐኪሙ ቢሮ ባለቤቱ ኦፕሬሽን ክፍል፣ ራውንድ (ታካሚዎችን በየአልጋቸው እየዞሩ ማየት) ወይም ተመላላሽ ሕክምና ስለሚውል ተቆልፎ ይውላል፤ በዚያው ሰዓት ኢንተርኑ (ተለማማጅ ሐኪሙ) ኮሪደር ላይ ቆሞ ቻርቱን (የታካሚውን መዝገብ) ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይጽፋል።

ይሁን እንጂ የኢንሹራንስ ቢሮን አሠራር እንዳለ ገልብጦ ሆስፒታል ላይ መለጠፍ አይሆንም። በአሜሪካ 36 ሆስፒታሎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከነርሶች የሥራ ጊዜ 35 በመቶ ያህሉ ለጽሑፍና መዝገብ፣ 17 በመቶ ያህሉ ለመድኃኒት ሥራ የሚውል ሲሆን በ10 ሰዓት የቀን ፈረቃ ከ1.6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይራመዳሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ ፎቅ ወጥቶ የሚያገኘው ምቹ ጠረጴዛ ከንቱ ነው። ከአልጋው 10 እርምጃ ርቀት ላይ ያለች ጠባብ መደርደሪያ ትበልጥበታለች።

ስንት መቀመጫ ያስፈልጋል?

ንድፉ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በቢሮ ዓለም የተለመደው ስሌት በሠራተኛ ቁጥር ላይ ይመሠረታል፤ የእንግሊዝ መንግሥት ለራሱ መሥሪያ ቤቶች አውጥቶት የነበረው መለኪያ ለ10 ሠራተኛ ከ8 ጠረጴዛ እንዳይበልጥ የሚል ነበር። በሆስፒታል ግን የሥራው ሞገድ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስቀምጣል፣ በአንድ ጊዜ ያስነሣል። ጠዋት 2 ሰዓት ሞርኒንግ ሴሽን (የሐኪሞች የጠዋት ስብሰባ)፣ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ራውንድ፣ ራውንዱ 5 ሰዓት ገደማ እንዳበቃ ደግሞ ሬዚደንቱም (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ሐኪም) ኢንተርኑም ነርሷም ፋርማሲስቱም ትእዛዝ ለመጻፍ፣ ላብራቶሪ ለመጠየቅና ስልክ ለመደወል እኩል መቀመጫ ይፈልጋሉ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ግማሹ ባዶ ነው። በአማካይ የተሠራ ስሌት 9 ሰዓትን ያስደስታል፣ 5 ሰዓትን ያሰናክላል።

ስለዚህ የሚቆጠረው የቅጥር ዝርዝሩ ላይ ያለው ስም ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚቀመጠው ሰው ነው። አንድ ሰው የዋርዱን (የታካሚዎች መኝታ ክፍሉን) ፕላን በእጁ ይዞ ለ2 ሳምንት በየ30 ደቂቃው ይዞራል። የት፣ ማን፣ ምን እየሠራ እንደሆነ፣ ቆሞ ይሁን ተቀምጦ በነጥብ ያሰፍራል። ሌሊቱና ቅዳሜና እሑዱ መዘለል የለባቸውም፤ የተማሪዎች ቁጥር የሚጨምርበት ወቅትም እንዲሁ። እንበል 24 ሠራተኛ ባለው የውስጥ ደዌ ክፍል ከፍተኛው ቁጥር 14 ቢሆን፣ 15 በመቶ ያህል መጠባበቂያ ተጨምሮ 16 መቀመጫ ይያዛል። ከነዚህ ውስጥ ስንቱ መቆሚያ፣ ስንቱ ጸጥተኛ፣ ስንቱ የቡድን ይሁን የሚለውን የሚመልሰው ያው ነጥብ የሰፈረበት ወረቀት ነው። ከ10 ደቂቃ በታች ለሚፈጅ ሥራ ወንበር አያስፈልግም።

የቦታዎቹ ዓይነት

ለአጭር ጽሑፍ በየአልጋዎቹ መካከል ወይም ኮሪደሩ ጎድጎድ ባለበት፣ ከመሬት ከ100 እስከ 110 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደርደሪያ ይሠራል። ተሽከርካሪ ኮምፒውተር ከተመረጠ ጎማው ትልቅ መሆን አለበት፤ ትንሽ ጎማ የበሩን ደፍ ሲያልፍ ይሰናከላል፣ ሠራተኛውም ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጥግ ላይ ያቆመዋል። ማቆሚያውና ቻርጅ ማድረጊያው በፕላኑ ላይ ካልተሠመረ ጋሪዎቹ አልጋ ከሚያልፍበት ኮሪደር ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ይሰርቃሉ።

የቡድን ጠረጴዛ ቁመቱ ከ72 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር፣ ብርሃኑ 500 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ያህል ቢሆን ለንባብና ለጽሑፍ ይበቃል። ነርስ ስቴሽኑ ዋርዱን የሚያይ ሆኖ ይቀራል፤ ታካሚው ዓይኑ ሰው ካላየ ይሰጋል፣ ሥጋቱም ልክ ነው።

መድኃኒት የሚዘጋጅበት ቦታ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ነው፤ ከተለዋዋጭነቱ ሕግ ውጭም መሆን አለበት። በሲድኒ 2 ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ከ4 ሺህ በላይ የመድኃኒት አሰጣጦችን ተከታትሎ፣ ነርሷ በተቋረጠች ቁጥር ክሊኒካዊ ስሕተት በ12.7 በመቶ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳይቷል። በብዙ ዋርድ አምፑሉ የሚሰበረው ነርስ ስቴሽኑ ባንኮኒ ላይ ነው። ስልኩ እዚያው ይጮኻል፣ አስታማሚው «ሲስተር፣ የአባቴ ውጤት መጣ?» ይላል፣ ሬዚደንቱ ቻርት ይጠይቃል። ነርሷ ለሦስቱም መልሳ ወደ ሲሪንጁ ስትዞር የትኛውን ቫያል እንደቀዳች እንደገና ማሰብ ይኖርባታል። የሚሻለው ከስቴሽኑ በግማሽ መስታወት የተለየ ጥግ ነው፦ ለአንድ ሰው 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ባንኮኒ፣ ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር፣ በላዩ 1000 ሉክስ ያህል ብርሃን፣ እጅ መታጠቢያ፣ በክንድ ርቀት ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ)፣ ወለሉ ላይ ደግሞ በቀለም የተሠመረ መስመር። መስመሩን ያለፈ ሰው አይናገርም፣ አይነገረውም። ስልክም ኮምፒውተርም እዚያ አይገባም፤ ኮምፒውተር የገባ ዕለት ቦታ ያጣ ሁሉ ይቀመጥበታል።

ለስልክና ለሁለት ሰው ንግግር 6 ካሬ ሜትር ያህል ይበቃል። ለቤተሰብ መርዶ ወይም ከባድ ውጤት የሚነገርበት ክፍል ግን ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። እኛ ዘንድ አስታማሚ ለብቻው አይመጣም፤ ወንድም፣ አጎት፣ ጎረቤትና የንስሐ አባት አብረው ይገባሉ። ቢያንስ 6 ወንበር፣ ውኃና ሶፍት ይቀመጣል፣ በሩም ወረፋ ወደሚጠብቁ ሰዎች አይከፈትም፤ አልቅሶ የሚወጣ ሰው በ40 ዓይን መካከል ሊያልፍ አይገባም።

ጸጥ ያለው ክፍል ለመውጫ ማጠቃለያ፣ ለሪፈር ወረቀትና ለምርምር ጽሑፍ ነው። ስልክ አይነሣበትም፣ ሁለት ሰዓት የሞላው ሰው ይለቃል። ዱቲ ሩም (የተረኛ ሐኪም ማረፊያ)፣ ልብስ መቀየሪያና ሻይ ቤት ከመቀመጫው ስሌት ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለባቸውም። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ሐኪም የሚያርፍበትን አልጋ «ቀን ላይ ባዶ ነው» ብሎ ለስብሰባ መስጠት ቦታ ማትረፍ አይባልም።

ድምፅና ምስጢር

በስስ ግድግዳ የተከፈሉ ክፍሎች የተለመደ ጉድለት ከዓይን የተሰወረ ነው። ግድግዳው ኮርኒሱ ላይ ያልቃል፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ግን ከክፍል ክፍል ይቀጥላል፤ ድምፅ በዚያ ዞሮ ይገባል። መፍትሔው ግድግዳውን ከኮርኒሱ በላይ እስካለው ኮንክሪት ስላብ መውሰድና የበሩን የታች ክፍተት በላስቲክ መዝጋት ነው። ለመፈተሽ መሣሪያ አያሻም። አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ በተለመደ ድምፅ የተዘበራረቁ ቁጥሮች ያነባል፣ ሌላው በሩን ዘግቶ ውጭ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከ10 ቁጥር 3ቱን እንኳ ከጻፈ ክፍሉ ለምስጢር አይሆንም። በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ኮምፒውተሩም የራሱ ምስጢር አለው። ስክሪን ወደ ኮሪደር አይዞርም። ገብቶ ለመሥራት ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ማሽን ላይ ሠራተኛው የጓደኛውን የተከፈተ አካውንት ይጠቀማል፣ ትእዛዙም ባላዘዘው ሰው ስም ይመዘገባል። በዲሲፕሊን ደብዳቤ የሚስተካከል ነገር አይደለም፤ ማሽኑ መፍጠን አለበት፣ ወይም በባጅ ነክቶ የሚከፈት መሆን አለበት።

ንጽሕና፣ አየር፣ መብራት

የጋራ ጠረጴዛ የጋራ ጀርም ነው። በጨርቅ ያልተሸፈነ፣ በቪኒል የተለበጠ ወንበር ይመረጣል። ኪቦርዱ የሚታጠብ የሲሊኮን ሽፋን ይኖረዋል፤ በየ3 እና 4 መቀመጫው የእጅ ሳኒታይዘር ይሰቀላል፤ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት ይበቃል። በየዋርዱ የሚገኘው በረኪና 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ሲቀጠን 0.5 በመቶ ይሰጣል። ደም ለነካው ገጽ ጥሩ ነው። በየቀኑ የኮምፒውተር ስክሪንና የብረት እግር ላይ ሲጠረግበት ግን ብረቱን ያዝጋል፣ ስክሪኑን ያደበዝዛል፤ ለነዚህ 70 በመቶ አልኮል በነካ ጨርቅ ማበስ ይሻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለሥራ ክፍሎች በሰው በሰከንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር ይመክራል። ሞርኒንግ ሴሽን ላይ 40 ሰው በሚታጨቅበት ክፍል ይህን የሚያሟላው ትይዩ ሁለት መስኮት ነው፤ የአንድ ወገን መስኮት ብቻውን አያስወጣም። የቲቢ ታካሚዎች ካሉበት ዋርድ ነፋስ ወደ ሠራተኛ ክፍል እንዳይነፍስም አቅጣጫው አስቀድሞ ይታያል።

እያንዳንዱ መቀመጫ 3 ሶኬት ቢኖረው ከነዚህ አንዱ ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ወይም ከጄኔሬተር መስመር ይሳባል፣ ቀለሙም ይለያል። ካልተለየ መብራት የጠፋ ዕለት ሁሉም ስልኩን እዚያ ላይ ይሰካል። ገመድ አልባው ኢንተርኔት የሚፈተሸው በሮች ሁሉ ተዘግተው ነው። በኤክስሬይ ክፍል አጠገብ ያለው እርሳስ የተለበጠበት ግድግዳ ሲግናል አያሳልፍም።

ለምን ይበላሻል

በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ሚሽን ሆል የተባለውን ሕንፃ በዚህ ዓይነት አደረጃጀት ከፍቶ፣ የሕክምና መምህራኑና ተመራማሪዎቹ በጫጫታውና በምስጢር ማጣቱ አማረሩ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ግድግዳ ማፍረስና እንደ ሥራው ዓይነት ቦታ ማዘጋጀት አንድ አይደሉም። ክፍት ወለሉ ቀድሞ ገብቶ ትንንሾቹ ክፍሎች በበጀት ምክንያት ከተቀነሱ የቀረው ሰፊ አዳራሽ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እኛ ዘንድ ይበረታል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጋውን ወንበር ላይ ይሰቀላል፤ ባለቤቱ ኦፕሬሽን ክፍል ገብቶ 8 ሰዓት ይወጣል። ወንበሩ ስድስት ሰዓት ሙሉ ማንም ሳይቀመጥበት ተይዟል። ጋውኑ የሲኒየሩ ከሆነ አንስቶ የሚቀመጥ ኢንተርን የለም፤ አንቱ የሚሉትን ሰው ወንበር መንካት ያሳፍራል። ስለዚህ ሕጉ ከሰው ላይ ተነሥቶ ቦታው ላይ መጻፍ አለበት፦ ጠረጴዛው ላይ «ለ2 ሰዓት ብቻ» የሚል ምልክት፣ በመግቢያው ጋውን መስቀያ፣ ለእያንዳንዱ ሰው 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የሚቆለፍ ሎከር። ሎከር ያልተሰጠው ሰው ጠረጴዛውን ሎከር ያደርገዋል። የክፍል ኃላፊው ስሙ የተጻፈበትን በር ይዞ ሌላውን «ተዘዋወሩ» ካለም ማንም አይሰማውም፤ ቅድሚያ እሱ መውጣት አለበት።

አጀማመሩ ቀላል ቢሆን ይመከራል። አዲሱ ፕላን ከመሠራቱ በፊት ባዶ አዳራሽ ወለል ላይ በፕላስተር በሙሉ ልኩ ይሠመራል፣ ወንበርና ካርቶን ተደርጎበት የማታ ፈረቃ ነርሶች፣ ሬዚደንቶችና ጽዳት ሠራተኞች ገብተው ያስመስሉበታል። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ የት እንደሚያልፍ ያልጠየቀ ንድፍ አይሳካም። ከዚያ አንድ ዋርድ ብቻ፣ በሚንቀሳቀሱ ዕቃዎች፣ ለ3 ወር ይሞከራል፤ ግድግዳ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። በ3ኛውና በ12ኛው ወር ያው የ30 ደቂቃ ቆጠራ ይደገማል። ቆጣሪው ነጥብ ከማስፈር ሌላ በሮችና ግድግዳዎች ላይ የተለጠፉትን ወረቀቶችም ያነባል። «እባክዎ እዚህ አይቀመጡ»፣ «ይህ ወንበር የዱቲ ነርስ ነው»፣ «ቁልፉ ቁጥር 4 ነው» የሚሉት በእጅ የተጻፉ ማስታወቂያዎች ቦታ የጎደለው የትኛው ሥራ እንደሆነ በትክክል ያሳያሉ።